ለኑዛዜ መዘጋጃ የኅሊና መመርመሪያዎች፦ የትኛው ይያዝ?

አንድ ካቶሊክ ከኑዛዜ በፊት ኅሊናውን የሚመረምርባቸው የጥያቄ ዝርዝሮች፣ መመርመሪያዎች፣ በሦስት መልክ ይገኛሉ፦ የዐሥርቱን ትእዛዛት ቅደም ተከተል የሚከተል እጥፍ ወረቀት፣ ለባለትዳር፣ ለወጣትና ለሕፃን ተለይቶ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ፣ እና የስልክ መተግበሪያ። ለብዙው ሰው እጥፉ ወረቀት ይበቃዋል፤ ደህናውን መምረጥ ነው እንጂ።

ደህናው በጥያቄው ይታወቃል። በስምንተኛው ትእዛዝ ሥር «ዋሽቻለሁ?» ብሎ የሚያልፍ ወረቀት ምንም አይረዳም፤ ያልዋሸ ማን አለ? «የሰው ስም አጥፍቻለሁ? ስንት ጊዜ? ያጠፋሁትን ለማቃናት ምን አደረግሁ?» የሚለው ግን ተናዛዡ ካህኑ ፊት የሚናገረውን ያስይዘዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 988 ከባድ ኃጢአት በዓይነቱና በቁጥሩ እንዲነገር ያዝዛልና። ቁጥሩ በትክክል ካልታወሰ «በወር ሁለት ሦስቴ፣ ለአንድ ዓመት ያህል» ማለት ይበቃል። (የትእዛዛቱን አቆጣጠርም ማየት ነው፤ በካቶሊክ አቆጣጠር «አታመንዝር» ስድስተኛው ነው፣ በአንዳንድ ሌሎች ዘንድ ሰባተኛ ይሆናል።)

ትልቁ ጉድለት ጥያቄ ማብዛት ነው። ከባዱንም ቀላሉንም ደባልቆ የሚደረድር ወረቀት ድሮም ለሚጨነቅ ሰው መከራ ነው። ኃጢአት ለሞት የሚያበቃው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፦ ጉዳዩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየው ከባድነቱን ሲያውቅ፣ ወዶ ፈቅዶ ሲያደርገው። ይህን በመግቢያው ያላሰፈረ መመርመሪያ ጎደሎ ነው።

መተግበሪያ ምልክት ለማድረግ ይመቻል፣ በይለፍ ቃልም ይቆለፋል። ግን ከስልክ እየተነበበ የሚነገር ኑዛዜ የአስቤዛ ዝርዝር ይመስላል። መተግበሪያው አያናዝዝም፤ ምስጢረ ንስሐ በኢንተርኔት አይፈጸምም። ደግሞም የኑዛዜን ምስጢር በቀጥታ ያወጣ ካህን በዚያው ቅጽበት ይወገዛል፤ ስልክ የሚያወግዘው የለም።

ወረቀቱ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ሥርዓቱ በቅደም ተከተል መኖር አለበት፦ ማማተብ፣ «አባ፣ ከተናዘዝኩ አራት ወር ሆኖኛል» ብሎ መጀመር፣ ኃጢአቱን መናገር፣ የካህኑን ምክርና የሚያዝዘውን ንስሐ መስማት፣ የጸጸት ጸሎት፣ ፍትሐት (ካህኑ ተናዛዡን ከኃጢአቱ የሚፈታበት ቃል)። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚጠፋበት የጸጸቱ ጸሎት ላይ ነው፤ ብዙ አታሚዎች ግን እሱኑ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ያስቀምጡታል። በመናዘዣው ደብዛዛ ብርሃን ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ ከመምረጥ በፊት ወረቀቱን ጥላ ውስጥ ይዞ ማንበብ ነው።

ስለ ተረሳ ኃጢአት አንድ መስመር ያለው ወረቀት ቢገኝ ይመረጣል። ሳይታወቅ የተረሳ ከባድ ኃጢአት ከሌላው ጋር ይሰረያል፤ ሲታወስ በሚቀጥለው ኑዛዜ ይነገራል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ከሆነ ግን ኑዛዜው በሙሉ ከንቱ ነው፣ እንደገና ከመጀመሪያው መናዘዝ ያስፈልጋል። ማስታወሻ የተጻፈበት ወረቀት ከመናዘዣው ሲወጡ ይቀደድ፤ ወንበር ላይ ተረስቶ መቅረቱ የተለመደ ነው።