ታክስ የሚሠሩልንን ሴትዮ ላመስግን

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ፣ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላሉኝ ነው። ዘንድሮ ያደረጉልኝን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ነርስ ነኝ። የትምህርት ብድሬ 42,000 ዶላር ነው። 12,000ው ከዲግሪ የተረፈ በ4.45 በመቶ፣ 30,000ው የማስተርስ በ6.6። ይቺ 6.6 እንቅልፍ ስትነሳኝ ከረመች። አንድ ቀን ከአንድ ድርጅት ተደወለልኝ። «ብድሮችሽን ጠቅልለን ወለዱን እናወርድልሻለን» አሉኝ። 900 ዶላር በቅድሚያ ክፈይ፣ የፌዴራል አካውንትሽን ፓስወርድም ስጪን። እኔ ሞኟ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ታክስ ላሠራ ስሄድ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሳሁባቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው «እስቲ ዝርዝሩን አሳዪኝ» አሉ። ከስልኬ ላይ እያዩ ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ በዓመት 534 ዶላር ይወልዳል፣ ሌላው 1,980። ድምሩ 2,514። በጠቅላላው ብድር ላይ ሲሰላ 5.99 በመቶ ገደማ። መንግሥት ብድር ሲጠቀልል ይህንኑ አማካይ ይወስድና በአንድ ስምንተኛ በመቶ እርከን ወደ ላይ ያጠጋጋዋል። 6 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

«አየሽ ልጄ፣ በዓመት 6 ዶላር ተጨመረብሽ እንጂ ምኑ ወረደልሽ?»

መጠቅለሉ ራሱ ደግሞ የመንግሥት ድረ ገጽ የሆነው ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ገብተው በነጻ የሚሞሉት ነገር ነው። 900 ዶላሩ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወለድ ሊወርድ የሚችለው የግል ባንክ ሪፋይናንስ ሲያደርገው፣ ማለትም የድሮውን ብድር ከፍሎ በራሱ አዲስ ብድር ሲተካው ነው አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል «የት ነበር የምትሠሪው?» አሉ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ነው፣ አልኳቸው። እርሳሱን አስቀመጡት። እንደዚህ ያለ ቦታ ሙሉ ሰዓት እየሠራ፣ በገቢው ልክ 120 ወር የከፈለ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል። በተሰረዘው ላይም የፌዴራል ታክስ የለም። ብድሩ አንዴ ወደ ግል ባንክ ከሄደ ግን አለቀ፣ መመለሻ የለውም። ከማርች 2020 ጀምሮ ክፍያ ቆሞ የነበረባቸው ወራት እንኳ ይቆጠራሉ። እኔ እኮ ያን ጊዜ ሁሉ በጭምብል ስታፈን የከረምኩት እዚያው ሆስፒታል ነው! ለዚህ ስረዛ አሠሪ የሚፈርምበት ቅጽ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሪፋይናንስን በጅምላ ይጠላሉ እንዳትሉ። ሶፍትዌር የሚሠራው ወንድሜ የግል ኩባንያ ተቀጣሪ ነው፣ ቁጠባም አለው። እሱን «አንተ ሂድና ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቅ» ነው ያሉት። ለእኔ ክፍያው ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ አስደረጉልኝ። ሩብ በመቶ ይቀነሳል፤ አሁን ባለኝ ዕዳ በዓመት 105 ዶላር ያህል ነው።

ለምክሩ ስንት ልክፈል ስላቸው ተቆጡኝ። በማግስቱ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ፣ እሱን እንኳ እምቢ አላሉም።

ቢሯቸው ጠባብ ነው፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ወረቀታችሁን አስተካክላችሁ ካልሄዳችሁ ትገሠጻላችሁ። ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ደግሞ ወረፋው እስከ ደረጃው ስለሚደርስ በፌብሩዋሪ ሂዱ።