አንቲን ላመስግን፣ እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ

ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ላመስግን። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው "አንቲ" (አክስቴ እንደማለት ነው) እላቸዋለሁ። አቦርጂናል ከሚባለው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የተወለዱ ደራሲ ናቸው። እዚህ ሜልበርን እንደኔ ያለውን ጀማሪ ጸሐፊ ያማክራሉ። አንቲ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ከሳቸው በፊት ያየሁትን አበሳ ግን ሳልናገር አላልፍም። ከፍዬ የገባሁበት ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ረቂቄን አገላብጦ "ረሃቡ የታለ?" አለኝ። የጻፍኩት እኮ አክስቶቼ በዕቁብ ስለተጣሉት ጠብ ነው! ሌላ ቦታ ደግሞ "ሰው በዛ፣ አክስቶቹን አንድ አድርጊያቸው" ተባልኩ። ገንዘቤን ተቀብላ ሁለት መስመር አስተያየት ልካ የጠፋችም አለች። ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንቲ ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከዚያ እርሳስ አንስተው በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ አክስቶቼን አንድ በአንድ አሰፈሯቸው። "ማን ማንን አኮረፈች? ዕቁቡን ማን በላው?" እያሉ በመስመር አገናኟቸው። እሳቸውም ያደጉት በአክስት ጋጋታ መሃል ነውና ብዛታቸው ምንም አልመሰላቸውም። አንዷንም አልሰረዙብኝም።

የአጎቴ እስር ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን እርሳሱን አስቀመጡ። "ቤተሰብሽ ይህን እንድትጽፊ ፈቅዷል?" አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ታሪክ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይነካም። እንደነገሩኝ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን ባህል በኪነ ጥበብ ስለመጠቀም የወጣ መመሪያ ራሱ አለ፤ እዚያም ፈቃድ መጠየቅ ዋና ነገር ነው። በማግስቱ ለአጎቴ ሚስት ደወልኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ስፈራ ጭራሽ ወሬው አላልቅ አለ። ስንቅ ስታመላልስ ዘበኛው ደብዳቤ ተደብቆ እንደሆን ብሎ ወጡን በማንኪያ እያማሰለ ይፈትሽ እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። አሁን ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው ገጽ እሱ ነው።

ውል ሲመጣልኝም "ሳትፈርሚ ለአውስትራሊያ ደራሲያን ማኅበር አሳዪው" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ የአባላቱን ውል ያያል። ምን እንዳስተካከሉልኝ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፣ ብቻ እፎይ ብዬ ፈረምኩ።

ሜልበርን ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ሲድኒ ያላችሁ፣ በምዕራብ ሲድኒ ከልዩ ልዩ ባህል ከመጡ ጸሐፊዎች ጋር የሚሠራውን ስዌትሾፕን ጠይቁ። የሚጽፍ የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ፣ ብሪዝበን የሚገኘው የኩዊንስላንድ ስቴት ላይብረሪ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደውን ብላክ ኤንድ ራይት የተባለ የጸሐፊዎች ፕሮግራም ጠቁሙት። ብሩም በምትባለው የምዕራብ አውስትራሊያ ከተማ የሚገኘው አሳታሚ ማጋባላ ቡክስም የነሱን ሥራ የሚያሳትም ነው።

ወደ አንቲ ልመለስ። በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥቂት ሰው ነው። "ረቂቄ ገና ነው" እያላችሁ አትዘግዩ፤ የኔንም የተቀበሉት መጨረሻ ሳይኖረው ነው።