የእንዚራውን ድምፅ ከመብራቱ ድምፅ ለለየችልኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው ሰው ለማመስገን ነው። ነገር ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ብቻ ባልፍ ለእናንተ የሚተርፍ ነገር ስለማይኖረው፣ አንዲት የድምፅ ዕቃ ባለሙያ ልጅ ቤቴ መጥታ ያደረገችውን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፣ በገና አስተምራለሁ። ድሮ ተማሪዎቼ ቤቴ ድረስ ይመጡ ነበር። አሁን ግማሾቹ ጀርመን፣ ዱባይና ዋሽንግተን አካባቢ ስለሆኑ ትምህርቱን ቀድቼ እልክላቸዋለሁ። ለብዙ ጊዜ የምቀዳው በስልኬ ነበር። ስልክ ግን ዋና ሥራው የሰው ንግግር ማስተላለፍ ስለሆነ የወፍራሞቹን አውታሮች ድምፅ ይበላዋል። አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ የእርስዎ በገና ስንት አውታር ነው? እኔ የሚሰማኝ ስድስቱ ብቻ ነው» ብላ ስትጽፍልኝ ጊዜ ቆረጥኩ። ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ (የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው ዕቃ)፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክና ሁለት ስፒከር ገዛሁ። ሻጩ ራሱ መጥቶ በሃያ ደቂቃ ገጣጠመልኝና «በቃ፣ ሰክቶ መቅዳት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወር ባልናገረው ደስ ይለኛል። የምቀዳው ነገር ሁሉ ከሥሩ «እምምም» የሚል ነገር አለው። ሻጩ ጋ ደውዬ ብነግረው «ጋሼ፣ በገና እኮ ተፈጥሮው መንዘር ነው» አለኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም። አውታሩ ከበርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ነዘር ነዘር የሚል ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ አመንኩትና እንዚራ ስቀያይር ከረምኩ። ሃያ ዓመት የያዝኩትን በገና ተጠራጠርኩት ስላችሁ!

ስጨቀጭቀው ሻጩ አንድ ጎረምሳ ላከልኝ። ልጁ የላፕቶፑን ቻርጀር አየት አደረገና የስፒናውን ሦስተኛ እግር በጉጠት ሰብሮ ጣለው። ጉርምርምታው ቀነሰ፣ አልጠፋም። በማግሥቱ ግን ላፕቶፑን ስነካ ክንዴ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። «እርጅና ነው» ብዬ ዝም አልኩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ የበገና ተማሪ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው። ጭንቀቴን ያየ አንድ ዲያቆን ወዳጄ የልጅቷን ስልክ ሰጠኝ። ልናገር እንጂ፣ ሳውንድማን ብዬ ስደውል የሴት ድምፅ ሲመልስልኝ የተሳሳትኩ መስሎኝ ዘግቼባት ነበር። መልሳ ደወለች።

የመጣችው በቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። የያዘችው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነበረች። ዕቃውን ትነካካለች ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይደርድሩልኝ» አለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደረደርኩላት። ከዚያ ሄድፎኑን አጠለቀችና «አሁን ደግሞ አውታሮቹን በሁለት እጅዎ አፍነው ይያዟቸው» አለችኝ። አፈንኳቸው። በገናው ጸጥ። ሄድፎኑን አውልቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«እምምም።»

«ይኼን የሚደረድረው መብራቱ ነው» አለች።

ሦስት ወር ሙሉ አውታሩን ማፈን ያልመጣልኝ ሰው ነኝ፣ ያውም የበገና መምህር ተብዬ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ወደ ድምፅ ዕቃ ሾልኮ ሲገባ በ50 ኸርዝና በእጥፉ በ100 ኸርዝ ያጉረመርማል። ወፍራም ስለሆነ ከበገና ሥር ሲደበቅ የሚያውቀው የለም። የቻርጀሩን ገመድ ከላፕቶፑ ነቀለችው፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ጉርምርምታው ድርግም ብሎ ጠፋ። የተሰበረውን ስፒና ያየችውም ያኔ ነው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼን ማነው የሰበረው?»

ነገርኳት። ቁጣዋ ለእኔ እናቴን ነው ያስታወሰኝ። ያ ሦስተኛ እግር የተሠራው ለድምፅ ጥራት አይደለም። ዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው ሰውነት ሳይሆን በእሱ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ክንዴ ላይ ሲሄድ የነበረው ጉንዳንም የእርጅና እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ድምፅ ይጩህ እንጂ ይኼ እግር አይሰበርም፤ ጩኸት አይገድልም» አለችኝ።

ቀጥላ በቴስተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ስታየው ኧርዙ፣ ያ ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ አልተገናኘም። እዚህ ላይ ነው የወደድኳት። «ግድግዳ ውስጥ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ» ብላ ዕቃዋን ሰብስባ ተነሣች። ሌላ ሰው ቢሆን ሶኬቱን ፈትቶ ይጎረጉር ነበር፣ እኔም እከፍለው ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ኧርዙን ካስተካከለ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ለሁለተኛው ምልልስ ብር አልጠየቀችኝም።

ያን ቀን የሠራችው ብዙ ነው። ሙሉ እግር ያለው የቻርጀር ገመድ አስገዛችኝ። ላፕቶፑንና ስፒከሮቹን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቻቸው፤ ከሁለት የተለያየ ሶኬት ሲመጡ በኧርዝና በድምፅ ኬብሉ መካከል ቀለበት ይፈጠርና ጉርምርምታው በዚያ ይዞራል። ወደ ስፒከሮቹ የሚሄዱትንም ኬብሎች ቀየረች። እኔ የነበሩኝ ጫፋቸው ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ያላቸው ናቸው፤ እሷ ያመጣቻቸው ሁለት ቀለበት አላቸው፣ ባላንስድ ይሏቸዋል፣ ጉርምርምታን የሚከላከሉ ናቸው። ሲገዙ ጫፉን አይቶ ቀለበት መቁጠር ነው። ሳውንድ ካርዱን ከዩኤስቢ ማባዣው ነቅላ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው፤ ማባዣው በቂ ኃይል አይሰጠውም ነበርና።

ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን የ48 ቮልት ቁልፍ ነገር በደንብ ስሙኝ፣ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ እየነካካችሁት ሊሆን ይችላል። ኮንደንሰር ማይክ ያለዚያ ኃይል አይሠራም። ሥርዓቱ ግን አለው፦ መጀመሪያ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) እና የስፒከሩን ድምፅ ዜሮ፣ ከዚያ ኬብሉን መሰካት፣ ከዚያ ቁልፉን መጫን። ስታወጡ ቁልፉን አጥፍታችሁ ትንሽ ጠብቃችሁ ነው ኬብሉን የምትነቅሉት። እኔ 48 ቮልቱ በርቶ ኬብሉን እመዝ ነበር፤ ጓ! ሲል ስፒከሩም እኔም እንዘላለን። አንድ ሰው የቆየ ሪበን ማይክ ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱን ከዚህ ቁልፍ አርቀው ያስቀምጡት አለችኝ፣ በተበላሸ ኬብል በኩል ኃይሉ ከደረሰበት ውስጡ ያለችው ስስ የብረት ጥብጣብ ትበላሻለች።

ስለ ጌን ደግሞ፣ በገና ዝግ ያለ ድምፅ ስላለው እስከ መጨረሻው ጠምዝዤው ነበር። እሷ በጣም ጠንከር አድርጌ እንድደረድር አዘዘችኝና ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ −12 ዲቢ (ዴሲቤል) አካባቢ እስኪቆም ድረስ መለሰችው። በ24 ቢት ሲቀዳ ዝግ ያለውን በኋላ ማሳደግ ይቻላል፣ የመለኪያውን ቀይ የነካ ግን የተቆረጠ ጨርቅ ነው፣ አይመለስም።

አሁን የምነግራችሁን ጉድ ደግሞ ስሙ። ጀርመን ያለችው ተማሪዬ በእኔ ቅጂ ቃኝታ ከጓደኞቿ ጋር ስትገናኝ የእሷ በገና ብቻ ወርዶ ይገኛል። «ጆሮሽን አሠልጥኚ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳውንድ ካርዱ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ይልካል፣ የመቅጃው ፕሮግራም ደግሞ 44,100 ነው ብሎ ይመዘግባል። ሲጫወት ቁጥሩ ስለማይገጥም ድምፁ ይንቀረፈፋል፣ 10 ደቂቃ የደረደርኩት 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ይሆናል፣ ቅኝቱም ከግማሽ ቶን አልፎ ይወርዳል። ልጅቷ ይህን ያገኘችው ቅጂውን ከፍታ፣ በገናዬን አስነክታኝ፣ ሁለቱን እያፈራረቀች በመስማት ነው። ከዚያ ከአምራቹ ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር (ላፕቶፑንና ሳውንድ ካርዱን የሚያግባባውን ፕሮግራም) አውርዳ ጫነችና ሁለቱንም ቦታ 48,000 አደረገቻቸው። ሻጩ የላከው ጎረምሳ የጫነልኝ ለሁሉም ዕቃ ይሆናል የሚባለውን ነበር።

ስዘምር በሄድፎኔ የራሴ ድምፅ ዘግይቶ እየመጣ ያደናቅፈኝ የነበረውም በዚያው ተፈታ። በፕሮግራሙ ውስጥ በፈር የሚባል፣ ላፕቶፑ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት ምን ያህል እንደሚያጠራቅም የሚወስን ቁጥር አለ። 1,024 ላይ ሲሆን ድምፁ ለአንድ መንገድ ብቻ 21 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ 128 ላይ ወደ 3 ይወርዳል። ስቀዳ 128፣ በኋላ ድምፆቹን ሳዋሕድ 512፤ ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ሁልጊዜ ትንሹን አይችልም። ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለችውን የዳይሬክት ቁልፍ ከተጫንኩ ደግሞ ድምፄ ላፕቶፑ ውስጥ ሳይዞር በቀጥታ ይመጣልኛል። ቁልፏ ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ነበረች።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ይህን ነገረችኝ። ሳውንድ ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ቅጂው አይቋረጥም። ስፒከሮቹ ግን ወዲያው ከሶኬት ይነቀሉ፣ ሲመለስ ከፍና ዝቅ እያለ የሚመጣው ነው የሚያቃጥላቸው። ሲከፈት ስፒከር መጨረሻ፣ ሲዘጋ ስፒከር መጀመሪያ።

የክፍሉን ማስተጋባት የሚውጥ ስፖንጅ ልገዛ ብር አዘጋጅቼ ነበር፣ ከለከለችኝ። የቁም ሣጥኔን በር ከፍታ ልብሶቹን ወደ እኔ አዞረችና ከጀርባዬ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀለች። ማይኩን ከገበቴው (ከበገናው የድምፅ ሣጥን) ሁለት ስንዝር አርቃ ወደ በርኩማው ትንሽ ሰበር አድርጋ አቆመችው። አንዱን ቦታ ለማግኘት ስምንት ጊዜ አንቀሳቅሳዋለች፣ ቆጥሬያለሁ። ልትወጣ ስትል ሄድፎኔን አንሥታ ሰማችና «ጋሼ፣ በዚህ ድምፅ ነው የሚውሉት?» አለችኝ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት ብቻ። ቀነስኩት። መጀመሪያ ምንም አልሰማ ብሎኝ ነበር፣ በሳምንቱ ጆሮዬ ለመደው።

እንከኗንም ልንገራችሁ፣ ምስጋና ሐሰት እንዳይሆን። ታረፍዳለች። ስትናገር ትፈጥናለች፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ ድንኳን ድምፅ አትሠራም፣ ሥራዋ የቤት ስቱዲዮ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ዕቃ አስገዝታ ኮሚሽን የምታገኝ ዓይነት አይደለችም፤ እኔ ሁለተኛ ማይክ ልጨምር ስል «በዚህ አንድ ዓመት ይቅዱ፣ ከዚያ ያወሩኛል» ነው ያለችኝ። ስለዚህ ምክሬ፣ ሳውንድ ካርድ ልትገዙ ካሰባችሁ ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉላት።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ስልኳን እሰጣለሁ፣ ፈቅዳለች። ዋጋዋን ራሷ ትንገራችሁ፣ እንደ ሥራው ይለያያል። ከመደወላችሁ በፊት ግን ተነሡና ሶኬታችሁን እዩት፤ ገና ከሰላምታው ሳትጨርሱ የምትጠይቃችሁ «ኧርዝ አለው ወይ?» ብላ ነው።