ቴስታታውን ሳይከፍቱ ከወጨጫ ላወረዱን ጋሼ

ባለፈው ቅዳሜ ወጨጫ ተራራ ላይ ለደረሱልን መካኒክ ምስጋናችን ይድረስልን። እግዜር ይስጥልን! ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ አደባባይ ማውጣት ነውር ስለሆነ እዚህ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። የሚሠሩት በአምቦ መንገድ፣ መናገሻ ከተማ ውስጥ ነው። አሮጌ የናፍጣ መኪና ኖሮት ዳገት ላይ ራዲያተር የሚያፈላበት ሰው ካለ፣ ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ራስ) ከማስከፈቱ በፊት አንዴ ለእሳቸው ያሳይ። ይህን ከታች ደጋግሜ እለዋለሁ፤ አትታዘቡኝ።

ሦስት መኪና ሆነን ከመናገሻ በሱባ ደን በኩል ሽቅብ እየወጣን ነበር። ያፈላው ላንድክሩዘሩ ነው፦ 1ኤችዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው። ይህን ሞተር የነካ ሰው እንዲህ በቀላሉ እንደማይሞቅ ያውቃል። ዝናቡ ስላላባራ መንገዱ ዋልካ ጭቃ ነው። መኪናው በሎው አንደኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲታገል ቆይቶ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቦለለ። ከመካከላችን አንዱ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል የደን ጠባቂው እጁን ያዘው። ጋሼ ጋ የደወለልንም እሱ ነው፤ ለእሱም ምስጋና ይድረሰው።

ጋሼ በስልክ ብዙ አልጠየቁም። «መርፌው ቀይ ላይ ቆሟል ወይስ ድንገት ወደቀ?» አሉ። ቀጥለው «የጋቢናውን ሂተር እስከ መጨረሻው ክፈቱና እጃችሁን አየር ማውጫው ላይ አድርጉ፤ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መርፌው ቀይ ላይ ከቆመና ከሂተሩ ትኩስ አየር ከመጣ ውሃው አሁንም እየዞረ ነው። ያኔ መኪናውን አቁሞ፣ ሂተሩን እንደከፈቱ፣ ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ማስኬድ ይሻላል፤ ሂተር ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነውና ሙቀት ያወጣል። መርፌው ድንገት ከወደቀ ወይም ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ግን ውሃው ጎድሏል፣ መለኪያውም የሚለካው ባዶ ቦታ ነው። ያኔ እዚያው ማጥፋት ብቻ ነው። የእኛ ሂተር ቀዝቃዛ ይነፋ ነበር። «አጥፉት። ክዳኑን እንዳትነኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃም እንዳታፈሱበት። እየመጣሁ ነው» አሉን። የጋለ ቴስታታ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ብዙ ሞተር የሚሞተው በመፍላቱ ሳይሆን ሊያቀዘቅዙት በሚጣደፉ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ምሬቱን ልናገር። ይህ መኪና በስድስት ወር ውስጥ ከተማ ውስጥ ሦስት ጋራዥ ገብቷል። የማንንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያው «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር) አውጥቶ ጣለው። ሁለተኛው ራዲያተሩ ያንጠባጥባል ብሎ የመድፈኛ ዱቄት ጨመረበት። ዱቄት ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩንም የሂተሩንም ቀጫጭን ቱቦ አብሮ ይደፍናል። ሦስተኛው «ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ወርዶ ይላጣል» ብሎ ቀብድ ጠየቀ። ቀብድ! ሞተሩን አስነስቶ እንኳ አላየውም። ሦስቱም ከምንም በፊት ሊያዩት የሚገባውን፣ የራዲያተሩን ክዳን፣ ገልብጠው አላዩም።

ጋሼ በሞተር ሳይክል መጡ፤ ከኋላ የተፈናጠጠው ረዳታቸው በግራና በቀኝ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል፣ እያንዳንዱ 10 ሊትር። የቧንቧ ውሃ መስሎን ነበር። ለካ ከጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ኖራ ስላለው ማንቆርቆሪያ ሥር እንደምናየው ነጭ ነገር ሞተር ውስጥም ይጋገራል፤ የዝናብ ውሃ ግን ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። ክረምቱን ሙሉ ለማያውቀው መንገደኛ ራዲያተር ውሃ የሚያጠራቅም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከዚያ «አሁን ሥራው መጠበቅ ነው» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። 50 ደቂቃ ሙሉ መፍቻ አልነኩም። በየመሃሉ እየተነሱ የላይኛውን ቱቦ ጫን ያደርጉታል፤ ቱቦው ደንድኖ ካስቸገረ ግፊት አለ፣ እጅ ችሎት ሲለሰልስ ነው ክዳን የሚነካው። ሲከፍቱም ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዞሩት። ፊሽታው እስኪያልቅ ጠብቀው ነው ተጭነው የፈቱት።

ውሃውን ቀስ እያሉ ጨመሩ፤ ከ6 ሊትር በላይ ጠጣ። ዳር ያለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ግን አፉ ድረስ ሙሉ ነበር። ለስድስት ወር የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ማጠራቀሚያውን አይቶ «ውሃ አለው» ብሎ መሄድ። ጋሼ ክዳኑን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ጥፍር መሃሉ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ቆርቆሮ ሳብ አደረጓት። ንቅንቅ አላለችም። ዝገትና የዚያ ዱቄት ቅሪት አጣብቋታል። የክዳኑ ጎማ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ጠርዙ ላይ እንደ ምላጭ የቀጠነ መስመር ይታያል። «የማጠራቀሚያው ውሃ የተበደረውን አልመለሰም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራዲያተር ክዳን ሁለት በር አለው። ትልቁ በር በሞላ ተጭኖ ግፊት ይይዛል፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ያስወጣል። ትንሿ በር ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ታስገባለች። ትንሿ ከተጣበቀች የወጣው አይመለስም፤ ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ራዲያተሩ በየቀኑ ይጎድላል። ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል፤ ጠዋት የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ከተገኘ ክዳኑ አይተነፍስም ማለት ነው። ትልቁ በር ሲላላ ደግሞ ግፊት አይያዝም፣ ይሄ ለእኛ ለደገኞቹ ክፉ ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል፤ ወጨጫ ከዚያም ያልፋል። ቴርሞስታቱ በ82 የሚከፈት ከሆነ በመደበኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረው 8 ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ያህል ግፊት ስለሚይዝ እዚያው ከፍታ ላይ ውሃው 110ን ሳያልፍ አይፈላም። ከተማ ውስጥ ጭነት ስለሌለ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን ሁሉ ነገር በዚያች ክዳን ላይ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚስበውም ያነሰ ነው። ጋሼ መለዋወጫ ክዳን ይዘው ነበር የመጡት፤ በስልክ እያሉ ጠርጥረዋል ማለት ነው።

«ጓርኒሲዮኑስ?» ስንላቸው «ቴስታታው አይከፈትም፤ መጀመሪያ ይመርመር» አሉ። የዘይት መለኪያውን አወጡ፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አልነጣም፣ የዘይት ክዳኑም ሥር ክሬም የመሰለ ነገር የለም። ዋናውን ፈተና ግን ጋለ ባለ ሞተር አላደረጉትም። መኪናውን ቁልቁል በቀስታ አስወርደው ጋራዥ አሳደሩትና በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ በረዶ ሆኖ፣ ራዲያተሩን አፉ ድረስ ሞልተው ክዳኑን ሳይገጥሙ አስነሱት። ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ የማቃጠያው ጋዝ ውሃው ውስጥ ስለሚገባ ገና ሳይሞቅ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ክዳኑ ተገጥሞ ሲነሳም ቱቦው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደነድናል። አንድ ሁለት አረፋ ወጥቶ ቆመ፣ እሱም የቀረ አየር ነው። ቴስታታው ደህና ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ጭቃው ነበር። ከፊት ሲያዩት ራዲያተሩ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ከፊቱ የኤሲው ኮንደንሰር አለ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ዋልካው ደርቆ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተለስኗል። ኮንደንሰሩን የያዙትን ቡሎኖች ብቻ ፈትተው፣ የጋዙን መስመር ሳይነኩ ወደፊት ገፋ አድርገው፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀላል ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጠቡት። በላቫጆ ፓምፕ ከፊት መርጨት ጭቃውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የራዲያተሩንም ወንፊት ያጣምማል። ፋኑንም ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጃቸው ወርወር አደረጉት፤ አንድ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ዝም ብሎ ቢዞር ኖሮ የፋኑ ክላች ሞቷል ማለት ነበር።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ ጋሼ ትንሽ ተቆጡ። ብዙው የቶዮታ ቴርሞስታት ከታች ሁለተኛ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ራዲያተሩን ዘልሎ የሚመለስበትን አቋራጭ የሚዘጋው ያ ክዳን ነው። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ማቀዝቀዣ ነው ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ማሞቂያ ሆነ! አዲስ ቴርሞስታት ሲገጠም የምትንቀሳቀሰዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ መሆን አለባት፣ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ሌላም ያልሰማነውን ነገሩን። ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ቀቅሎ መፈተን የተለመደ ነው፤ ግን መናገሻ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የ82ቱ ቴርሞስታት መከፈት ሲጀምር ይታያል እንጂ አፉን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ለማሳየት ሙቀቱ አይበቃውም። «ግማሽ ነው የተከፈተው» ተብሎ የሚጣለው ስንትና ስንት ደህና ዕቃ ነው!

አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገት አቁመው፣ ሂተሩን ከፍተው፣ ያለ ክዳን 15 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ አስኬዱት፤ ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር ይጨምራሉ። በመጨረሻ ማቀዝቀዣ ፈሳሹን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርገው ሞሉት። ማክሰኞ ያንኑ ዳገት መልሰን ወጣን። መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

ሂሳቡን ስንጠይቅ የክዳኑን፣ የቴርሞስታቱን፣ የፈሳሹንና የአንድ ቀን ድካማቸውን ቆጠሩ። ሌላው ጋራዥ ለቀብድ ብቻ ከጠየቀው ሲሶውን አይሞላም። ለተራራው መንገድ ጨምረን ስንሰጥ «ለነዳጁ ይበቃል» ብለው ትርፉን መለሱ። አሮጌውን ክዳንና የወጣውን ጭቃ ሳይቀር በላስቲክ አድርገው አሳዩን፤ ምን እንደተበላሸ ሳታዩ አትሄዱም። ጋራዡ ጠባብ ነው፣ መኪና ማንሻም ኮምፒውተርም የለውም። ዘመናዊ፣ በኮምፒውተር የሚመራ ኮመንሬል ሞተር ይዛችሁ ከሄዳችሁ «ይሄን አልነካም» ብለው ራሳቸው ይመልሷችኋል፤ ለእኔ ይሄም ምስጋና የሚገባው ነው።

በሱባም በወጨጫም ለምትወጡ፦ መለዋወጫ ክዳን፣ የታችኛው ቱቦ፣ ሁለት ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ቺንጋ (የፋን ቀበቶ) እና 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ጠዋት የምታዩት ማጠራቀሚያውን ሳይሆን ራዲያተሩን ይሁን፣ በቀዝቃዛ ሞተር። ዳገቱን በከባድ ማርሽ አታስጨንቁት፤ ዝቅ አድርጋችሁ ፋኑ እንዲዞር ሞተሩን በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ላይ ያዙት።

መኪናችሁ ካፈላና «ይከፈት» ከተባላችሁ ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት መናገሻ ሂዱ፣ ለጋሼ አሳዩ። ስልካቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉላቸው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁን አሁን ታውቃላችሁ፤ ቁጥሩን ከመምታታችሁ በፊት ሂተሩን ክፈቱና እጃችሁን አየር ማውጫው ላይ አድርጉ።