የሚጠጣው ሞርፊን ለካንሰር ህመም፦ ከአስታማሚ የተጻፈ ሪቪው

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በመድኃኒቱ ሳይሆን በአገኛኘቱ ነው፣ እሱን ወደታች እጽፈዋለሁ።

የምጽፈው ስለ ሞርፊን ሽሮፕ ነው፣ ስለ መርፌው አይደለም፣ በብልቃጥ ስለሚመጣው በአፍ ስለሚጠጣው። እማዬ የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንት ከሄደ በኋላ ወገቧና ዳሌዋ ላይ የያዛት ህመም በፓራሲታሞል ሲሞከር እምቢ፣ በዳይክሎፌናክ ትንሽ ሻል ብሎ ተመልሶ እምቢ፣ ትራማዶልም ተጨምሮ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ስታድር ዶክተሯ ይሄን ጀመረላት። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ፣ ግን እናትሽ አጠገብሽ እንደዛ እየሆነች ስለምትሰጫት ነገር ሳታነቢ መቀመጥ አይቻልም፣ ቤት ድረስ እየመጣች የምታያት ሲስተርም የጠየቅኳትን ሁሉ ሳትሰለች አስረድታኛለች፣ እግዜር ይስጣት።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ ልበል ምክንያቱም መድኃኒቱ ቤት ከመግባቱ በፊት ፍርሃቱ ነው የገባው። እቴቴ «ሞርፊን ካስጀመሯትማ በቃ ተስፋ ቆርጠውባታል» ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ አጎቴ ደሞ ሱስ ይዟት ቢቀርስ ብሎ ሲስተሯን ፊት ለፊት ጠየቃት። እሷም ጫማዋን አውልቃ እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «እትዬ፣ ይሄ የሞት መድኃኒት አይደለም የህመም መድኃኒት ነው። ነገ በጨረር ምናምን ህመማቸው ቢቀንስ ዶክተሩ መጠኑን ቀስ እያለ ያወርደዋል፣ ያቆመዋልም። አሁን ግን እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፣ መብላት ያስፈልጋቸዋል፣ በህመም ደክመው ምንም ህክምና መቋቋም አይችሉም» አለቻት። እማዬ ራሷ ናት ክርክሩን የጨረሰችው፣ «ስጡኝ፣ እኔ ነኝ የማውቀው» አለች።

አሁን ሰውነታችን ህመምን እንዴት እንደሚያስተናግደው ካላወቅን ይሄ መድኃኒት ምን እንደሚሰራ አይገባንም፣ ስለዚ ትንሽ ታገሱኝ። ቆዳችን፣ አጥንታችን፣ ሆድ እቃችን ውስጥ ጉዳትን የሚጠብቁ የነርቭ ጫፎች አሉ፣ አጥንትን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ልባስ ላይ በብዛት አሉ፣ ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ እንደዛ የሚያሰቃየው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ከነዚህ ጫፎች መልእክቱ በሁለት አይነት ነርቭ ይሄዳል። አንዱ ፈጣን ነው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፣ ድንጋይ ሲመታሽ መጀመሪያ የሚሰማሽ ውጋት እሱ ነው፤ ሌላው በሰከንድ ከ2 ሜትር አያልፍም፣ ከኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ የማይለቅሽ ጥዝጣዜና ማቃጠል የሱ ነው። ሁለቱም ህብለ ሰረሰር ጋ ሲደርሱ መልእክቱን በኬሚካል ለሚቀጥለው ነርቭ ያቀብሉትና ወደ አንጎል ይወጣል፣ አንጎል ውስጥ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አያርፍም፣ አንደኛው ክፍል የት ነው ያመማት፣ ምን ያህል ነው ሲል ሌላኛው ክፍል ጭንቀቱንና መከራውን ይጨምርበታል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን መስመሩ ወደ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድም አለ፣ ህብለ ሰረሰር ላይ ደርሶ የሚወጣውን መልእክት የሬድዮ ድምፅ እንደመቀነስ ዝቅ ያደርገዋል። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ጨዋታው እስኪያልቅ የማይሰማው ለዚህ ነው። ለዚህ ስራ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ሞርፊን መሰል ነገሮች አሉ፣ ኢንዶርፊን ኤንኬፋሊን የሚባሉት። በፈረንጆች 1973 ነው (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታትም የፈረንጆች ናቸው) ሞርፊን የሚያርፍበት ሪሴፕተር፣ ማለትም መቀበያ፣ ነርቭ ላይ መኖሩ በላብራቶሪ የታየው፣ ከዛ ሳይንቲስቶቹ ፈጣሪ ይሄን ሪሴፕተር ሞርፊን ለሚወጣበት ለኦፒየም ብሎ አላስቀመጠውም መቼም፣ ውስጣችን የራሱ የሆነ ነገር መኖር አለበት ብለው ፈለጉና በ1975 ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ኤንኬፋሊንን አገኙት። ማለትም ሞርፊን ከውጭ መጥቶ ሰውነትን የሚያደነዝዝ ባዕድ መርዝ ሳይሆን ሰውነታችን አስቀድሞ ባዘጋጀው ቦታ ላይ ነው የሚሰራው። ህብለ ሰረሰር ላይ መልእክት የሚያቀብለው ነርቭ ኬሚካሉን እንዳይለቅ ያደርገዋል፣ ተቀባዩን ነርቭ ደሞ በቀላሉ እንዳይነሳ ያረጋጋዋል፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ የጭንቀቱን ክፍል ያበርደዋል። እማዬም በሁለተኛው ቀን ስጠይቃት «አለ፣ ግን አያስጨንቀኝም» ነው ያለችኝ፣ ሲስተሯ ብዙ በሽተኛ ልክ እንደዚህ እንደሚል ነገረችኝ።

አጠቃቀሙን ልንገራችሁ። ቡናማ ብልቃጥ ነው፣ የኛው 5 ሚሊው 5 ሚሊግራም የያዘ ነበር ግን ጥንካሬው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የብልቃጡን ጽሁፍ ሳያነብ ማንም እንዳይሰጥ፣ በማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየተለካ በጉንጯ በኩል ቀስ ተደርጎ ይሰጣል። በጣም መራራ ነው፣ እማዬ ማር ትልስበታለች። ሚስጥሩ ሰዓቱ ላይ ነው። የሞርፊን ሽሮፕ የሚቆየው አራት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ህመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ሳይመጣ ይቀደማል። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ከዛ ማታ 4 ሰዓት ላይ ዶክተሯ እጥፍ አድርጎ ስላዘዘላት የሌሊት 8ቱን ሳንቀሰቅሳት ታድራለች። በመሃል ድንገት ቢነሳባት የምትጨመር አንድ ዶዝም ተፈቅዶልናል፣ የተጨመረው ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ዶክተሩ ያን ደብተር አይቶ ነው መጠኑን የሚያስተካክለው። ይሄ በሰዓት የመስጠት ነገር ለንደን ላይ በ1967 ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን (የጠና በሽተኞች ማስታመሚያ ነው) የከፈቱት ሲስሊ ሳውንደርስ በደንብ ያስተማሩት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ባወጣው የካንሰር ህመም መመሪያ ላይ በአፍ፣ በሰዓቱ ብሎ አስቀምጦታል። አስታማሚዎች እባካችሁ «አሁን ተሽሏታል ትዝለለው» አትበሉ፣ የተሻላት ስለወሰደች ነው።

ውጤቱ? እማዬ ለብቻዋ ወደ ግራ ዞራ ተኛች። ዳሌዋን ማስነካት እንኳን አትችልም ነበር እኮ። ጠዋት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት፣ ደንግጬ ስጠራት «ጋቢዬን ሳቢልኝ፣ እግሬን በረደኝ» አለችኝ። በሳምንቱ አቦሉ ላይ ቁጭ ብላ ጎረቤት ስታጫውት ነበር፣ አፏ ሳይተሳሰር፣ ሰው ሳይጠፋባት። ሞርፊን ሰውን ያፈዛል የሚሉ ሰዎች ህመም ራሱ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያላዩ ይመስሉኛል።

ችግሮቹን ልደብቅ አልፈልግም። አንደኛውና ዋናው ሆድ ድርቀት ነው። ያ ሪሴፕተር አንጀት ላይም አለ፣ ሞርፊን እዛ ሲያርፍ አንጀቱ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ ማቅለሽለሹንና እንቅልፉን ሰውነት በጥቂት ቀናት ሲላመደው ይሄን ግን አይላመደውም። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ቢሳኮዲል የሚባለው የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሁለተኛ በነርቭ ህመም ላይ፣ ማለትም ዕጢው ነርቭ ሲጫን እግር ላይ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ላይ፣ ብቻውን ያን ያህል አይደለም፣ ለእማዬ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ህመም የሚያረግብ መድኃኒት ተጨምሮላት ነው የረገበው። ሦስተኛ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ የሞርፊን ቅሪት ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ዶክተሩ መጠኑን ማሳነስና ማራራቅ ወይም ሌላ መድኃኒት መምረጥ አለበት፣ ሽንት ከቀነሰ ቶሎ ይነገረው።

ስለ ትንፋሽ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አዎ፣ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ግንድ ላይም ሞርፊን ይሰራል፣ ሰው ከመጠን በላይ ሲወስድ የሚሞተውም በዚህ ነው። ግን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ሲወጣ ሰውነት ይህን ይላመዳል፣ ዋናው አደጋ ከታዘዘው ውጪ መጨመር፣ ከእንቅልፍ መድኃኒትና ከአልኮል ጋር መቀላቀል ነው። ተጠርታ ካልነቃች፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ካነሰ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደ ወዲያው ሀኪም ቤት ነው፣ ናሎክሶን የሚባል ሞርፊኑን ከሪሴፕተሩ ላይ የሚያስለቅቅ መርፌ አለ።

ሱስን በተመለከተ፣ ሰውነት መልመድና ሱስ የተለያዩ ናቸው። እማዬ ሰውነቷ ለምዶታል፣ ዛሬ ድንገት ቢቋረጥባት ትንቀጠቀጣለች ትቀዘቅዛለች ያስቀምጣታል፣ ለዛ ነው በራሳችሁ አታቋርጡ የሚባለው። ሱስ ግን ሰው እየጎዳው እያየ ለመድኃኒቱ ብሎ ህይወቱን ሲያጣ ነው፣ እሷ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ «ትንሽ ትቆይ» የምትለው እሷ ናት። ይሄን ስል አደጋው የለም እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ1996 ገበያ የወጣው ኦክሲኮንቲን የሚባል የሞርፊን ቤተሰብ ክኒን የሱስ አደጋው ትንሽ ነው እየተባለ ለወገብ ህመሙም ለምኑም ሲታዘዝ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ አምራቹ የፐርዱ ኩባንያ በ2007 በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኗል። እሱ ዓመታት ለሚቆይ ተራ ህመም ያለ ክትትል ሲበተን የሆነ ነው፣ በሲስተር ክትትል በደብተር እየተጻፈ የሚሰጥ የካንሰር ሽሮፕ ሌላ ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሞርፊንን እንደዛ የምንፈራ ሰዎች ትራማዶልና ኮዴይንን እንደ ከረሜላ መያዛችን ነው። ሁለቱም የዛው ቤተሰብ ናቸው፣ ኮዴይን ጉበት ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ሞርፊን ነው የሚሆነው፣ ትራማዶልም ጉበት ቀይሮት ነው ጉልበት የሚያገኘው፣ ይህን የሚሰራው ደሞ አንድ ኢንዛይም ነው፣ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አሁን የኛን ጉዳይ ስሙ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን ከመደበኛው በላይ ተደጋግሞ ይዘውት ተገኝተዋል፣ በስዊድናውያን ላይ ይሄ ቁጥር ከ1 እስከ 2 ከመቶ ገደማ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲወስድ ሞርፊኑ ሰውነቱ ውስጥ ቶሎና በብዛት ይፈጠራል። ኢንዛይሙ የማይሰራለት ሰው ደሞ ኮዴይን ቢውጥ ባይውጥ አንድ ነው። ሞርፊን ግን በዚህ ኢንዛይም ስር አያልፍም፣ ስለዚ በዚህ በኩል የሚሰጠው መጠን ለሀኪሙ ይበልጥ የሚገመት ነው። በ2017 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለህመም እንዳይሰጥ ከልክሏል፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዲተዉት መክሯል። ትራማዶል በዚያ ላይ በተለይ ሲበዛ የሚጥል አይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ጎረቤት ለጎረቤት የምትሰጡ፣ ልጅ አመመው ብላችሁ የናንተን ግማሽ ፍሬ የምትቆርጡለት፣ በእግዚአብሔር ስም ተዉ።

አሁን ወደ ኮከቧ። ሞርፊን በተራ የሐኪም ማዘዣ አይሰጥም፣ የራሱ የናርኮቲክ ወረቀት አለው፣ ያ ትክክል ነው ቁጥጥሩ ይኑር። ግን ወረቀቱን ይዘሽ ስትሄጂ «አልቋል» ስትባዪ፣ ሌላው ጋ «እኛ አናስገባም» ስትባዪ፣ አንዱ ፋርማሲ ውስጥማ ልጁ ወረቀቱን አይቶ ሌባ እንዳየ ነው ያየኝ፣ እናቴ ቤት ሰዓት እየቆጠረች ነው። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም፣ ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2017 እንዳወጣው በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 298.5 ቶን ከሚጠጋ ኦፒዮይድ (ሞርፊንና ቤተሰቦቹ) ለደሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ግን ደሃ ስለሆንን ነው ብቻ እንዳይባል ኡጋንዳ አለች፣ በ1993 አን ሜሪማን ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካን ከከፈቱ ጀምሮ ሽሮፑን ከዱቄት እየበጠበጡ ለበሽተኛ በነፃ እስከማደል ደርሰዋል፣ ከ2004 ጀምሮም የሰለጠኑ ነርሶች ራሳቸው እንዲያዙት በህግ ፈቅደዋል። የኛዎቹ ሲስተሮች እውቀቱ አላቸው፣ አይቻቸዋለሁ፣ ብልቃጡ ነው የሌላቸው። አዲስ አበባ ላላችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማስታገሻ ህክምና ይሰጣል፣ ካንሰር የሚያክማችሁንም ሀኪም ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም የማስታገሻ ህክምና፣ ክፍል አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ።

ብልቃጡን ልጅ የማይደርስበት ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡት፣ የተረፈ ካለ ለሌላ በሽተኛ በራሳችሁ አትስጡ፣ ወደሰጧችሁ ቦታ መልሱት። ማዘዣውንም ሳያልቅ ሳምንት ሲቀረው አሳድሱ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞርፊን ፍለጋ መውጣት ለማንም አልመኝም።