ባክቴሪያ አያራባም የተባለው የውሃ ማጣሪያ፣ ከአሥር ወር በኋላ

ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ደሴ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን በርሜሉንም ጀሪካኑንም ሞልተን እስከሚቀጥለው ተራ እንጠብቃለን። ሲሰነብት የበርሜሉ ግድግዳ በእጅ ሲነካ ያሟልጫል። ድሮ አፍልተን ነበር የምንጠጣው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ጀርም ለመግደል ይበቃል። ያቃተን የከሰሉ ወጪ ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ማጣሪያ ገዛሁ። ከላይ ባልዲ፣ መሃል ማጣሪያው፣ ከታች መቀበያ፤ መብራት አይፈልግም። እንድገዛው ያደረገኝ ካርቶኑ ላይ «ባክቴሪያ የማያራባ ሜምብሬን» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሜምብሬን የሚሉት ውሃውን አሳልፎ ቆሻሻውን የሚያግደውን ስስ ማጥለያ ነው።

ውስጡ እንደ መኮሮኒ መሃላቸው ክፍት የሆኑ፣ ግን በጣም የቀጠኑ ክሮች ታጭቀዋል። የሚሠሩት ፖሊኢተርሰልፎን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በኬሚካል ይሟሟና ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ኬሚካሉ ሲወጣና ውሃው ሲገባ ፕላስቲኩ ይረጋል፣ ቀዳዳዎቹም ያኔ ይፈጠራሉ። የእኔው ቀዳዳ 0.1 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው የሰገራ ባክቴሪያ ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮን ያህል ስለሆነ አያልፍም፤ ጃርዲያማ ከዚያም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከታገደ በኋላ ነው። ያላለፈው ባክቴሪያ ክሩ ላይ ተጣብቆ ይራባል፣ ልጋግ ያወጣል፣ ልጋጉ ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይህን ለመከላከል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ገጽታውን ውሃ ወዳድ ማድረግ ነው፤ ውሃው ክሩን እንደ ስስ ልብስ ስለሚሸፍነው ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ያጣል። ሌላው ብር መጨመር ነው፣ የጌጡን ብር ማለቴ ነው። ከብሩ የሚለቀቀው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዘ የብር ቅንጣት፣ የባክቴሪያውን ፕሮቲን ይይዝና ሥራውን ያስቆመዋል። ከፕላስቲኩ ጋር የተቀላቀለ ብር አብዛኛው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ላይ ላዩን የተለጠፈው ደግሞ ቶሎ ታጥቦ ያልቃል። የእኔው ብር ያለበት ነው፤ ዕድሜ ልክ ይሠራል ብዬ አልጠብቅም።

ጥር ላይ ሦስት የመፈተሻ ጠርሙስ አገኘሁ። ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ካሉ ውሃው ይጠቁራል። አንዱን ከበርሜሉ፣ አንዱን ከማጣሪያው አፍ፣ አንዱን ከመቀበያው ሞላሁ። ሙቀት ስለሚፈልግና የደሴ ጥር ስለሚበርድ በጋቢ ጠቅልዬ ሊጥ ከምናቦካበት ጥግ አስቀመጥኳቸው። በሁለተኛው ቀን የበርሜሉ ጠቁሯል። ከማጣሪያው አፍ የተቀዳው እንደነበረ ነው። የመቀበያው ግን ጠቁሯል!

በጣም ነው የደነገጥኩት፤ ልጆቼ የሚጠጡት ከዚያ ነበር። ሜምብሬኑ ሥራውን ሠርቶ ንጹሕ ውሃ ያወርዳል፣ እኛ ክዳን ከፍተን ኩባያ እየነከርን መልሰን እንበክለዋለን። ጎረቤታችን እትየ «አብሽር፣ እኛ እንስራውን በወይራ አጥነን ነው ውሃ የምንሞላው» ብለው ዕቃ ማጠብን አስታወሱኝ። በማግስቱ ቧንቧ ያለው መቀበያ ገዛሁ። አሁን በየሳምንቱ በበረኪና ይታጠባል፤ ኩባያ የሚነክርበት የለም።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቤት አልነበርንም። ማጣሪያውን እርጥቡን ትቼው ሄድኩ። ስንመለስ መጀመሪያ የወረደው ውሃ ረግረግ ረግረግ ይሸታል፣ ፍሰቱም ቀንሷል። መመሪያው ከረጅም ዕረፍት በፊት ክሎሪን አሳልፉበት ይላል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በክሎሪን ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፌ ደጋግሜ ሳጥበው ተስተካከለ። ብሩ እድገቱን ያዘገያል እንጂ የቆመ ውሃን አይጠብቅም።

ክረምቱ ከሁሉም ከባዱ ነው። አዲስ እያለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በሁለት ደቂቃ ይሞላ ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ። ጭቃው ብሩን ስለሚሸፍነው ከባክቴሪያው ጋር አይገናኝም። አሁን ውሃውን አሳድሬ፣ የጠራውን ብቻ በታጠፈ ነጠላ አጥልዬ እጨምራለሁ፤ በየሁለት ቀኑም በስሪንጅ ንጹሕ ውሃ ወደ ኋላ እገፋበታለሁ። ወደ ሦስት ደቂቃ ተመልሷል። ወደ ሁለት አልተመለሰም።

የማይሠራውን ሳታውቁ እንዳትገዙ። እንደ ሄፓታይተስ ኤ ያሉ ቫይረሶች ከቀዳዳው ያንሳሉ፤ ስለዚህ ሰፈር ውስጥ በሽታ ሲወራ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን እንጨምራለን። የሟሟ ጨውም ያልፋል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት እንደድሮው ነው።

እኔ ደግሜ እገዛዋለሁ። ደላንታ ላለችው አክስቴም አንድ ልልክላት ነው፤ ግን የምፈራው ውርጩን ነው። እርጥብ ክር ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ እንድታሳድረው ነግሬያታለሁ። ከተጠራጠረች ደግሞ እርጥቡን ክር ውሃ ውስጥ አስገብታ በስሪንጅ አየር ትንፋበት፤ ደህና ከሆነ አየሩ አያልፍም፣ አረፋ ከወጣ ግን ውሃውን እንዳትጠጣው።