የስቴይንለስ ስቲል ፓሲቬሽን፦ በናይትሪክ አሲድ ወይስ በሲትሪክ አሲድ?

ስቴይንለስ ስቲል ዝገትን የሚቋቋመው በውስጡ ያለው፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆን ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር፣ በዓይን የማይታይ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚፈጥር ነው። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ሲሠራ ነው፤ ከቶርኖ ቢላ፣ ከመቁረጫ ዲስክ ወይም ከተራ የሽቦ ብሩሽ የሚላቀቅ ጥቃቅን ብረት ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። ፓሲቬሽን ይህን ባዕድ ብረት በአሲድ አሟሙቶ ያስወግዳል፤ የጸዳው ገጽም በክሮሚየም የበለጸገ ሽፋን ያበጃል። ቀለም ወይም ልባጥ ስላልሆነ የዕቃው ልክ አይለወጥም።

ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤ967 የተባለው መስፈርት ሁለቱንም አሲዶች ይቀበላል። ናይትሪክ ረጅም ዘመን የተሠራበት ነው፤ ከ20 እስከ 45 በመቶ በሆነ ውህድ ከ21 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ሲትሪክ ግን ከ4 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ከ60 እስከ 71 ዲግሪ ሲሞቅ በ4 ደቂቃ፣ ሙቀቱ ከ21 እስከ 49 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ በ20 ደቂቃ ሊጠናቀቅ ይችላል። የናይትሪክ ጭስ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የሚጨመርበት ሶዲየም ዳይክሮሜት ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው፤ ፍሳሹን ማስወገድም ወጪ አለው። ለቶርኖ ሥራ እንዲመች ድኝ የተጨመረበት፣ 303 የተባለው የስቴይንለስ ስቲል ዓይነት ናይትሪክ ውስጥ ያለ ጥንቃቄ ከገባ ገጹ ሊጠቁርና ሊበላ ይችላል፤ ሲትሪክ ለእርሱ የዋህ ነው። ስለዚህ የሥራ ሥዕሉ ናይትሪክን በስም ካላዘዘ በቀር፣ 304 እና 316 ለተባሉት የተለመዱ ዓይነቶች ሲትሪክን ብመርጥ ይሻላል እላለሁ።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን በአሲዱ ምርጫ አይደለም። ብየዳ ዙሪያ የሚታየውን ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ከሁለቱ አንዱም በአግባቡ አያነሣውም፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ክሮሚየሙ የተመናመነ ስለሆነ በናይትሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ድብልቅ መታጠብ ወይም ተሞርዶ መነሣት አለበት። ለተበየደ ታንክ «ፓሲቬሽን» ብቻ የሚል የዋጋ ማቅረቢያ ጎደሎ ነው። ሌላው ስሕተት 304ን ፓሲቬት አድርጎ እንደ 316 መቁጠር ነው። 316 በክሎራይድ ከሚመጣው የነጠብጣብ ዝገት በተሻለ የሚጠበቀው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት አሲድ ለ304 ሊጨምርለት አይችልም። ለባሕር አየር ወይም ለጨዋማ ውኃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ በ316 ላይ ያውለው፤ ፓሲቬሽኑ ከዚያ ይከተላል።

ሥራው በትክክል መከናወኑን በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ገዢው የአሲዱን ዓይነት፣ ሙቀቱን፣ ደቂቃውንና የፍተሻውን ውጤት በጽሑፍ ይጠይቅ። ለ304 እና 316 ፈጣኑ ፍተሻ የመዳብ ሰልፌት ነው፤ ገጹ ለ6 ደቂቃ በውህዱ ረጥቦ ሲቆይ ያልተወገደ ባዕድ ብረት ካለበት ቀላ ያለ የመዳብ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ ፍተሻ ለምግብ ማቀነባበሪያ ዕቃ አይፈቀድም፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ቢያንስ 24 ሰዓት የሚፈጀው የውኃ ወይም የእርጥበት ፍተሻ ይታዘዛል።